የባሕር ሰልቃጭና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ

ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። የዚያን ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መሸምደድ ይችሉበት ነበር። ስለ ሥነ ምኅዳር ስጠይቃቸው የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይመልሱልኛል፤ "ለምን?" ስላቸው ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን መረረኝና ከየትም ሊገለብጡት የማይችሉት ነገር ፈጠርኩ።

"የባሕር ሰልቃጭ" አልኩት። ሥጋ በል የባሕር ተክል ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ሣልኩት፤ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ሥር ሰዶ የቆመ፣ አረንጓዴ ቅጠሎቹ እንደ ጆንያ አፍ የሚከፈቱ። ዓሣ ጠጋ ካለ ጥርቅም! ቅጠሉ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ሸርጣኖች የተረፈውን ሥጋ ሳይበሰብስ ይለቅሙለታል፣ ቅጠሉን ሊበላ የሚመጣውን ቀንድ አውጣም ያባርሩለታል። ትልልቆቹ ዓሦች ስለሚፈሩት ደግሞ ትንንሾቹ እሥሩ ተጠግተው እንቁላል ይጥላሉ።

ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም፤ እኔም አላየሁም። ግን ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረንም። "ቲቸር፣ ሸርጣኖቹ ቢሞቱስ?" "ቀንድ አውጣዎቹ ቢበዙስ?"

አንድ ጠዋት የአንዷ ተማሪዬ አባት ደብተሯን ይዘው መጡ። እዚያው ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው።

"ቲቸር፣ ይኼ ተክል አለ?"

"የለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"የሌለ ነገር እንዲያስተምሩልኝ ነው ልጄን የላክኋት? ሚኒስትሪ ትፈተናለች እኮ!"

ደነገጥኩ። እውነታቸውን ይሆን እንዴ ብዬም ተጠራጠርኩ። "ጊዜ ካለዎት ይግቡና ይዩ። ከዚያ በኋላ ይተዉት ካሉኝ እተወዋለሁ" አልኳቸው።

ገብተው መጨረሻው ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ገና ሥዕሉን ከመስቀሌ ልጃቸው እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ ሥዕሉ ስህተት አለው።"

አባቷ ከኋላ "አንቺ!" ሲሉ ሰማሁ።

"ቀጥዪ" አልኳት።

"ብርሃን በማይደርስበት ነው የሚኖረው ብለውናል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሆነው በብርሃን ምግብ ሊሠራ አይደል? ብርሃን ከሌለ ምን ያደርግለታል? ወይ ወደ ላይ ይምጣ፣ ወይ ተክል መባሉ ይቅር።"

ዞሬ ሥዕሉን አየሁት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስሥለው ይኼ አልታየኝም። ፊቴ ጋለ። ወዲያው ግን ከዕፍረቱ የበለጠ ነገር ደረቴን ሞላው።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነይ ሰሌዳው ላይ አስተካክለሽ ሣዪው።" ጠመኔውን ሰጠኋት።

ተክሉን ወደ ላይ ስታወጣው ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ "ማዕበል ይነቅለዋል፣ ሥሩ ድንጋይ መጨበጥ አለበት" አለ። ሌላዋ "ወፎች መጥተው ዓሣውን ይሻሙታል" አለች። እሷ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ድንገት ከኋላ ወፍራም ድምፅ መጣ፤

"ፀሐይ ካለ ሌላም ሣር ይበቅላል። ቀንድ አውጣው ሣሩን ትቶ እሱን ለምን ይበላል?"

አባቷ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። እሷ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብላ ጻፈችው።

ሲወጡ በሩ ላይ ጨበጡኝና "ሚኒስትሪውን አይርሱብኝ እንጂ ይቀጥሉ" አሉኝ።

ማታ ወደ አያት በሚሄደው ታክሲ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ አጠገቤ ለተቀመጡት እናት "ዛሬ ተማሪዬ ክፍሉ ፊት ስህተቴን አወጣችብኝ" አልኳቸው።

"አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል" አሉና ክንዴን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ።

"ኧረ እማማ፣ ኮርቼ ነው!" አልኳቸው። "ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ።"