ሂሌ ከሠርጓ በፊት የጠየቀችው ደም

ሂሌ የልጄ ልጅ ናት። እዚህ ፎሌንዳም በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ወደቡ ላይ ዓሣ አጽድተን በጭስ ከምናደርቀው ሴቶች መካከል እንደ እሷ እጀ ፈጣን የለም።

ታናሽ ወንድሟ ኤቨርት ታሞ ነበር የተወለደው። ይንቀጠቀጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ጭንቅላቱም እንደ እኩዮቹ አላድግ አለ። ወተት በማንኪያ ጠብ እያደረገች የምታጠጣው እሷ ነበረች። አምስት ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

ስለዚህ የመንደራችን ልጅ ክሬሊስ ላግባሽ ሲላት፣ ሳትውል ሳታድር ደሟን አስመረመረች። በዘር የሚተላለፈው ያ በሽታ በደሟ አለ። እሷን አይነካትም፤ ክሬሊስም ካለበት ግን የሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ የኤቨርት ዕጣ የሚደርስበት ዕድል ከአራት አንድ ነው።

«አንተም ተመርመር» አለችው።

ክሬሊስ ሳቀ። «እኛ የዝይ ቤት፣ እናንተ የሚስማር ቤት። የት ተገናኝተን ነው የምንዛመደው?»

በመንደራችን የአባት ስሞች ጥቂት ስለሆኑ ሰው የሚለየው በቤቱ ቅጽል ስም ነው። ቅጽሉ ከተለየ ባዳ ነው ብለን ስንጋባ ኖረናል።

«ቅጽል ስም የጎረቤት ምላስ ያወጣዋል፤ ደም ምን አገባው?» አለችው።

ነገሩ ከክሬሊስ እናት ከአሊዳ ጆሮ ደረሰ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሂሌን በሰው ፊት አቆመቻት።

«አንቺ ልጅ! የእኔን ቤት እንደ ከረመ ዓሣ ታሸቺዋለሽ አሉ?»

«እማማ አሊዳ፣ መጀመሪያ ያሸተትኩት የራሴን ቤት ነው።»

«ሠርጉስ?»

«ካልተመረመረ ሠርግ የለም።»

ክሬሊስ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ሂሌ አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ክሬሊስ ደጃችን ድርሽ አላለም። ሂሌ ሥራ ላይ እጇን በቢላዋ ቆረጠች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ሆና አታውቅም። በመጨረሻ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አብረሽኝ ነይ፤ መርፌ እፈራለሁ» አላት።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ተከተልኳቸው። ነርሷ ወረቀቱን አይታ፣ «አንተም አለብህ» አለችው።

«ምን አድርጌ?»

«ምንም። ሰውነታችን አርኤንኤ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ይሠራል። አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ ትርፍ ቁራጭ ይዘው ይወጣሉ። እሱን ቆርጠው የሚያወጡ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን የሚያሠራው ዘረመል ቲሴን ሃምሳ አራት ይባላል። ከእሱ እያንዳንዳችሁ ሁለት ቅጂ አላችሁ፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይሠራል። የሚታመመው ሁለቱንም የተበላሸ የወረሰ ልጅ ነው።»

«የዓሣ አንጀት እንደ ማውጣት ነው በይኛ» አለች ሂሌ።

«ልክ ነሽ። የታመመው ልጅ ቢላዋ ደንዟል።»

ሐኪም ቤቱ ከሰውነት ውጭ ያዳበረውን ጽንስ ገና ወደ ማሕፀን ሳይገባ መርምሮ ጤነኛውን መምረጥ እንደሚችልም ነገረቻቸው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ላይሳካም ይችላል አለች።

ውጭ ስንወጣ ሂሌ ቆመች። «ክሬሊስ፣ ልሂድ ብትለኝ አልቀየምህም።»

«የት ልሂድ?» አለ። «መንደሩ ሁሉ ዘመድሽ አይደል እንዴ!»

ሂሌ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ያንን ረጅም መንገድ አብረው ሊሄዱት እዚያው ተስማሙ።

በማግስቱ ጠዋት አሊዳ ወደ ሥራ ቦታችን መጣች። ሂሌ ቢላዋዋን እንደያዘች ጠበቀቻት።

አሊዳ ዙሪያዋን አየች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ታናሹ ልጄም ሊያገባ ነው። መርፌው በጣም ያማል እንዴ?»

ሂሌ ባዶ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠቻት።