አንድ ዝንብ ለመሥራት ሦስት ከተማ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱሉልታ ካለው ቤቴ ስወጣ ባለቤቴ ሰብለ በር ላይ ቆማ፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ልትገዛ ነው?» አለችኝ። የዶሮ አንገት ላባ አልኳት። በሩን ዘጋችው። ጉዞው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ዓላማውን ላስረዳ። ባሌ ተራሮች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ያለባቸው ቀዝቃዛ ወንዞች አሉ። ይህ ዓሣ የተከበረ ፍጡር ነው፤ ውሃ ላይ የሚያርፍ ዝንብ ይወዳል። ስለዚህ አጥማጁ መንጠቆውን በላባና በክር ሸፍኖ ዝንብ ያስመስለዋል፤ ከዚያ በረጅም ቀጭን ዘንግ ወርውሮ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። እኔም ድንኳንና ስንቅ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ሁለት ቀን በእግሬ ወደ ላይኛው ሸለቆ ወጥቼ ይህን ዓሣ ላጠምድ ካቀድኩ አራት ዓመቴ ነው። ማቀዱን ተክኜበታለሁ። ዕቅዴን ያልሰማ ሰው ከእንጦጦ ወዲህም ወዲያም አይገኝም። አንዱን ዓመት ዝናብ አስቀረኝ፣ አንዱን የሰብለ እህት ሠርግ፣ አንዱን ደግሞ ጉልበቴ። የቀረኝ መሄዱ ብቻ ነው።

ወንዙን የሚያውቁት፣ ዘንጉም ያላቸው፣ ሰበታ የሚኖሩት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። በወጣትነታቸው የዓሣ ጫጩት ከኩሬ ወደ ሐይቅ ከሚያዛውሩ ሠራተኞች ጋር አገር ዞረዋል፣ ባሌም ብዙ በጋ አሳልፈዋል። ያለ እርሳቸው ጉዞ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው ቁርጡን ነገሩኝ። ጉልበታቸው ተራራ የሚወጣው ለዘንድሮ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በወሬ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቀደም ብለው በሰጡኝ ሦስት መንጠቆዎች በገዛ እጄ ዝንብ ሠርቼ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እንዳመጣ አዘዙኝ። ከተንሳፈፈ ከገና በኋላ አብረን እንሄዳለን። ከሰመጠ ግን የባሌን ስም ሁለተኛ አላነሣባቸውም። ላባው የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይሁን ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሱሉልታ፣ ዶሮ ተራ

ጥቅምት ነው፤ ሜዳው አመዳይ ለብሷል። ብርዱ የሚያስወራ አይደለም፤ የተናገርኩት ቃል ከአፌ ወጥቶ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ጠብ ሲል ሰምቻለሁ።

አንዲት ሻጭ ጥቁርና ነጩ አንገቱ ላይ የተሰበጣጠረ፣ ያማረ ገብስማ ይዛለች። «አካም ቡልቴ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋት። «ናጋ» ብላ ሁለት ሺህ ብር ጠራች። ዶሮውን እንደማልፈልግ፣ ከአንገቱ ስድስት ላባ ብቻ እንድትሸጥልኝ ስነግራት ፈገግታዋ ጠፋ።

«ማነው ያዘዘህ?»

«አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰበታ ያሉ።»

«ገብስማ ብለው ነው ያዘዙህ?»

«አዎ። ገብስማ፣ አውራ፣ የአንገቱን።»

መልሴ ነገሩን እያባሰው እንደሄደ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለካ እዚህ አገር ቀለም መርጦ ዶሮ የሚያዝ ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው። ከጎኗ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ አማተበች። ባለዶሮዋ ላባ ነቅላ ለጠንቋይ እንደማትሸጥ፣ ዶሮውን ሙሉውን ገዝቼ የምሠራው ሥራ ግን እንደማይመለከታት ነገረችኝ። ለዓሣ ነው ብላት፣ ዶሮ የሚበላ ዓሣ የት አገር እንዳለ ጠየቀችኝ። በሺህ ስምንት መቶ ተስማማን። እግሩን አስሬ ወደ ሚኒባስ ሄድኩ።

ረዳቱ ዶሮውን አየት አድርጎ፣ «ፋዘር፣ ከጭንህ ከወረደ የአንድ ሰው ይከፍላል» አለኝ። እንጦጦን ተሻግረን አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ዶሮው ሰባት ጊዜ ጮኸ። ተሳፋሪው ስንት ጊዜ እንደነጋበት ግራ ገባው።

ቡራዩ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ከአዲሱ ገበያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። ጓደኛዬ ተስፋዬ እዚህ ልብስ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር አድገን፣ ኪራይ ሲወደድ እሱ ወደ ቡራዩ፣ እኔ ወደ ሱሉልታ ተበተንን። ቀጭን ክር፣ ሰምና ስለታም መቀስ ያለው እሱ ስለሆነ ዝንቡን እሱ ጠረጴዛ ላይ ልሠራ ተቃጥረናል። ብብቴ ሥር ያለውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ገብስማ ዶሮ ይዘህ ነው ቤቴ የምትመጣው? አከራዬ ካዩ እኮ ዛሬውኑ ነው የሚያስወጡኝ።»

አከራዩ እትዬ በለጡ አዩ። እኔ የዶሮውን አንገት ይዤ ላባ ስመርጥ፣ ተስፋዬ ክሩን በሰም ሲያሽ፣ በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱን። «ተስፋዬ፣ ግቢዬ ውስጥ የሚቀበር ነገር እንደሌለ ነግሬሃለሁ» ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ዝንቤ የወለል መጥረጊያ መሰለ። ጣሳ ውሃ ውስጥ ስንጥለው ድንጋይ እንኳ እንደዚያ አይሰምጥም። መንጠቆውን ላወጣው ስታገል ጫፉ ተሰበረ። ተስፋዬ አላስቻለውም፤ ሁለተኛውን ነጠቀኝ። ሃያ ዓመት የቁልፍ ቀዳዳ የሰፋ ጣት ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንዲት ዝንብ ብታየው የምታገባው ዓይነት ዝንብ ሠራ።

እኔም በሦስተኛው መንጠቆ እንደገና ሞከርኩ። ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁት። በመጨረሻ ወደ ግራ የተንጋደደ፣ ላባው ገና ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው ፀጉር የቆመ ነገር ወጣኝ። ተስፋዬ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየውና፣ «ይሄስ ታሟል» አለ።

ጣሳው ላይ ብንሞክራቸው ላባው ረጥቦ እስኪደርቅ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ ሳንሞክር የእሱን ዝንብ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ የእኔን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ አደረግሁ።

«የትኛውን ነው የምታሳያቸው?» አለኝ።

«የሥራዬን።»

«የትኛው ነው ሥራህ?»

ዶሮዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰበታ፣ ዘጠኝ ሰዓት

አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ፤ ዶሮው ፍርፋሪውን ለቀመ። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ሰዓቱ ሊያልፍብኝ ነበር፤ ከሰበታ መናኸሪያ እስከ ኦቦ ዲንሳ ቤት በዕድሜዬ ሮጬ በማላውቀው ፍጥነት ሮጥኩ። አንድ ባጃጅ አልፌአለሁ። ቆማ ነበር፣ ግን አልፌአታለሁ።

ኦቦ ዲንሳ ጓሮአቸው ውስጥ ላስቲክ የተነጠፈባት፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚያረቡባት ኩሬ አለቻቸው። ዘንጉን ጠርገው ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል። አሮጌ የሸራ ሻንጣቸው ደግሞ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ሰውየው ለመሄድ ቆርጠዋል ለካ።

የክብሪቱን ቀፎ ሰጠኋቸው።

«በገዛ እጅህ?»

«በገዛ እጄ።»

ይህን ያህል አጭር ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። የእኔ ውሸት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ከዘንጉ ክር ጫፍ ጋር አስረው ኩሬው ላይ አሳረፉትና እስከ ሃያ ለመቁጠር በኦሮምኛ ጀመሩ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» አምስት ሳይደርሱ የተስፋዬ ዝንብ ክብሩን እንደጠበቀ ወደ ታች ወረደ።

«ይሄ ዝንብ አይደለም፣ ካፖርት ነው» አሉ። «ልብስ ሰፊ ነው የሠራው። እንዳይተረተር ብሎ ክሩን ደራርቦ አክብዶታል።»

ዘንጉን ወደ ግድግዳው መለሱት። አፌ ላይ አሥር ዓይነት ታሪክ ተሰልፎ ነበር፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ክሩ ፋብሪካ። አንዱንም አላወጣሁም። እጄን ሸሚዝ ኪሴ ከትቼ ያን በሽተኛ አወጣሁት።

«ኦቦ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ያ የጓደኛዬ ነው። የእኔ ይሄ ነው፤ መልኩ አሳፍሮኝ ነው የደበቅሁት።»

የዶሮውን የተነጨ አንገት አዩ፤ የተወጋ ጣቴንም አዩ። ከዚያ ዘንጉን እንደገና አነሡ።

«ቶኮ።» ተንሳፈፈ። አምስትን አለፈ። አሥር ላይ ወደ ግራ ሲያጋድል እኔም አብሬው አጋደልኩ። አሥራ አምስት ላይ ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዲግደማ» ሲሉ፣ ሃያኛው መሆኑ ነው፣ የእኔ ጠማማ በቆመ ላባው ውሃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆጠራው አልቆ ክሩን ሊሰበስቡ ሲሉ አንዲት ቆሮሶ ከሥር መጥታ ጎረሰችው።

ልጆቼ ሲመረቁ እንኳ ደረቴ እንደዚያ አልተነፋም፤ ይቅር ይበሉኝ። ኦቦ ዲንሳ ዝንቡን ከአፏ አውጥተው መለሱልኝ፣ እሷንም ለቀቋት። የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ተራራው ላይ እግርህን ሲያምህም እንዲህ ቶሎ ንገረኝ።»

ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን አቀድን፤ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው እውነተኛ ዕቅድ። የማጥመጃ ፈቃድ ማን እንደሚያወጣ፣ ለአምስት ቀን ስንት ኪሎ በሶ እንደሚበቃ፣ ለአንድ ሰው ጀርባ ከባዱ ዕቃ የቱ እንደሆነ ተነጋገርን። ተስፋዬም እንዲመጣ ለመንኳቸው። ፈቀዱ። ድንኳኑን ይስፋልን፣ ዝንብ ግን እንዳይነካ አሉ።

ወደ ሱሉልታ

ቤት ስደርስ ሰብለ ሽንኩርት ከትፋ ጠበቀችኝ። ጠዋት በር ብትዘጋም ዶሮ ይዤ እንደምመለስ ገምታለች። ዶሮው ግን አይታረድም። ገና አሥራ አምስት ዝንብ እንሠራለን፤ ከእንግዲህ የጉዞው አባል ነው። ሽንኩርቱ ለሽሮ ሆነ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ገብስማ ስትገዙ ለምን እንደሆነ አለመናገርን ነው። ሌላም ተምሬአለሁ፤ እሱን ያወቅሁት ግን የዛሬውን ለሰብለ ስነግራት ነው።

«ተንሳፈፈ?» አለችኝ።

«ተንሳፈፈ።»

«ለስንት ሰዓት?» አለች፣ ወሬዬን ለመስማት ተመቻችታ እየተቀመጠች።

«እስከ ሃያ ተቆጠረ።»

ጠበቀችኝ። አልጨመርኩም። መዳፌን ዘርግቼ ዝንቡን አሳየኋት፤ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወደ ግራ ይንጋደዳል። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ከቁም ሣጥኑ ላይ አራት ዓመት የተኛውን የጀርባ ሻንጣዬን አውርዳ አቧራውን ታራግፍ ጀመር።