ለሚሮጥ ፈረስ የሚሆን ሌንስ

የሚሮጥ ፈረስ ፎቶ ማንሳት እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ግን ዋናውን ነገር አይናገሩም። ፈረሰኛው ካሜራ ሲያይ ይቆማል። የእነሱን አገር አላውቅም፣ የእኛ አገር ፈረሰኛ ግን ይቆማል። ሽምጥ እየጋለበ ይመጣል፣ እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አዘጋጃለሁ፤ አሥር እርምጃ ሲቀረው ልጓሙን ይስብና ቀጥ ይላል። ከዚያ ጋቢውን ያስተካክላል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ "በል አንሳ" ይለኛል።

ጥፋቱ የእኛው የፎቶ አንሺዎቹ ነው። ሶዶ ስቱዲዮ ከከፈትኩ ጀምሮ "እንዳትነቃነቅ" ስል ነው የምውለው። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። አገሩን ሁሉ እንደ ግንድ መቆም ካስተማርን በኋላ ለምን አይሮጥም ብሎ መናደድ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቢሆንም እናደዳለሁ።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ነው። ጉኑኖ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ፈረስ ሲወዱ ደግሞ ለጉድ ነው። ክረምት ላይ ዳሌያቸውን ሲያማቸው ሶዶ አምጥቼ አሳየኋቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፈረስ አይሆንም አላቸው። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ለጊፋታ አንድ ጊዜ እጋልብና ፈረሱን ለወንድሜ ልጅ እሰጣለሁ" አሉ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ነው፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣል።

ከዚያ ስቱዲዮዬ ገብተው አረፍ አሉና የሆዳቸውን አወጡት። የጎረቤታቸው ለቅሶ ላይ ያዩት ነገር ሲከነክናቸው ከርሟል። የሟቹ ሌላ ፎቶ ስለጠፋ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታትማ ድንኳን ውስጥ ቆማ ነበር። ማኅተሙ ትከሻው ላይ ግማሽ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙን ለማጥፋት ታግዬ አቅቶኛል። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

"እኔን እንደዚያ እንዳታደርገኝ" አሉ በወላይትኛ። "ለለቅሶዬ የምታወጡት ፎቶ ፈረስ ላይ ስሮጥ ይሁን። ወንበር ላይ ያየኝ ሰው ዕድሜዬን ተቀምጬ የጨረስኩ ይመስለዋል።"

ምነው ለቅሶ ለቅሶ አሉ ልል አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳይ እሺ አልኩ።

እሺ ማለት ምን ገዶኝ። የእኔ ረጅሙ ዙም ሌንስ እስከ ሦስት መቶ ሚሊሜትር ይስባል፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ፀሐይ ካለች አይታማም። ደመና ከሆነ ግን በቂ ብርሃን አያስገባም፤ ብርሃን ከሌለ ሹተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ፣ ማፍጠን አይቻልም፤ ሹተሩ ካልፈጠነ ደግሞ የፈረሱ አራት እግር ስምንት ሆኖ ይወጣል። ፎከሱም ወዲያና ወዲህ እያለ ሲፈልግ ፈረሱ ቤቱ ይደርሳል። መስከረም ደግሞ ከዳሞት ተራራ የሚወርደው ጉም ማንንም ሳያስፈቅድ ነው ሜዳውን የሚሸፍነው።

ሠርግ የሚያነሳ አንድ ጓደኛዬ ከሰባ እስከ ሁለት መቶ የሚሄድ፣ ድንግዝግዝ ውስጥ እንኳ የሚያይ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ከባድ ዙም አለው። እሱን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። "ሁለት መቶ ለፈረስ አጭር ነው" አለኝ። ሌንሱን ላለመስጠት ይሁን ለእኔ አስቦ እንጃ፤ ብቻ እውነቱን ነበር። በሁለት መቶ ለማንሳት መቅረብ አለብኝ፤ ከቀረብኩ ያዩኛል፣ ካዩኝ ይቆማሉ። በሦስት መቶው ራቅ ብዬ አጥር ስር መደበቅ እችላለሁ፤ ፎቶው ግን ጭቃ ይሆናል።

ሁለት ሳምንት በዚህ ስበግን ከረምኩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የማስተማሪያ ቪዲዮዎች እየደጋገምኩ አየሁ። በሁሉም ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሜዳው የታጠረ ነው፣ ፈረሱ የት ጋ እንደሚዞር አስቀድሞ ይታወቃል። እንዲያ ከሆነማ በስልክስ ቢነሳ? ተናድጄ ጓደኛዬ በስንት ልመና ያዋሰኝን ሌንስ ያዝኩና ለልምምድ ወደ አረካ በሚወጣው መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ባጃጅም መቼም ይሮጣል። የመጀመሪያው ባጃጅ ፊቴ መጥቶ ቆመና "የት ልውሰድህ?" አለኝ። ሁለተኛውም ቆመ። ሦስተኛው ትራፊክ የላከኝ መስሎት ከሩቅ ዞሮ ሸሸ። በዚያ ቀን ሲሮጥ ያነሳሁት እሱን ብቻ ነው፣ እሱንም ከኋላው።

በመጨረሻ ሁለት መቶውን መረጥኩ፤ ብርሃን ከሌለ ርቀት ምን ይሠራል ብዬ። የመቆሙን ነገር ደግሞ ከአባቴ ጋር በቃል ለመጨረስ ጉኑኖ ወረድኩ።

"አዋ" አልኳቸው፤ በእኛ ቋንቋ አባት የሚጠራው እንዲህ ነው። "እኔ ጋ ሲደርሱ እንዳያቆሙ። እንዳላዩኝ ሆነው ይለፉ።"

"ልጄን ሜዳ ላይ አይቼ ሰላም ሳልለው?"

"ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ።"

"እሺ" አሉ። እሺታቸው ግን አላማረኝም።

የጊፋታ ዕለት እንደፈራሁት ጥቁር ደመና ሆኖ ዋለ። ሜዳው ዳር ቦታ ያዝኩ፤ ያለኝ አንድ ካሜራ ነው፣ እሱ ላይ የጓደኛዬ ሌንስ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ለቁም ፎቶ የምጠቀምበት አጭሩ። ያለፈው ፈረሰኛ ሁሉ ቆመ። "አትቁሙ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ" ብዬ ጮህኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። አንዱማ ካለፈኝ በኋላ ትዝ ብሎት ተመልሶ መጥቶ ቆመ። ሲቆሙ ደግሞ አፍንጫዬ ስር ስለሆነ በረጅሙ ሌንስ የሚገባልኝ የፈረሱ ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ እነቅላለሁ፣ አጭሩን እተክላለሁ፣ አነሳለሁ፣ መልሼ ረጅሙን እተክላለሁ። ስምንት ጊዜ ይህን ሳደርግ ትዕግሥቴ አለቀ።

ከዚያ አባቴ በሜዳው ማዶ ብቅ አሉ። ሰዎች ደግፈው ኮርቻው ላይ ሲያወጧቸው ከሩቅ አየሁ። ፈረሱን ኮለኮሉት፣ ተነሣ። ሌንሱን አነጣጠርኩ፤ ፎከሱ ወዲያው ያዛቸው፣ ለዚህስ ጎበዝ ሌንስ ነው። ገና አውራ ጣት ያህል ነበሩ፤ ትንሽ ይቅረቡልኝ ብዬ ጠበቅኩ። በመሐል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ያዩኝ መሰለኝ።

ሊያቆሙ ነው አልኩ በልቤ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን የማያውቁትን ሰው እንኳ ሰላም ሳይሉ አያልፉም፣ እንኳን ልጃቸውን። ካቆሙ ደግሞ በዚያ ዳሌ ሁለተኛ አይጋልቡም። ረጅሙን ይዤ ጆሮ ከማነሳ ቢያንስ የቁሙን ላግኝ ብዬ አጎንብሼ ሌንሱን ነቀልኩ።

ኮቴው አጠገቤ ሲደርስ አላዘገመም። ጭቃው ፊቴ ላይ፣ አፉን በከፈተው ካሜራ ውስጥ ሳይቀር ተረጨ። ሕዝቡ እልል አለ። ቀና ስል የጋቢያቸው ጫፍና የፈረሱ ጭራ ከሰው መሐል ሲገቡ አየሁ።

አልቆሙም። ከሰው ሁሉ እሳቸው ብቻ ቃሌን ሰሙኝ፣ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ እሳቸውን አላመንኩም። አንድም ፎቶ የለኝም። ፎቶው ይቅር፣ በዓይኔስ መቼ አየኋቸው።

እሳቸው ጋ ስደርስ ሁለት ሰዎች አቅፈው አውርደዋቸው ነበር። ከሕመሙ የተነሣ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ግን ይስቃሉ።

"አላቆምኩም" አሉኝ።

"አላቆሙም አዋ።"

"አንገቴ ወደ አንተ ዞር ሊል ሲል በግድ መለስኩት። ጥሩ ወጣሁ?"

"ጥሩ ወጥተዋል።"

ለምን እንዳልኩ እኔው አላውቅም። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ፈረሱ ለአጎቴ ልጅ ተሰጥቷል። እኔም ጉኑኖ በሄድኩ ቁጥር ማተሚያው ተበላሽቷል፣ ቀለም አልመጣም እላለሁ፤ ራሴን እየጠላሁ። ጓደኛዬ ሌንሱን ስመልስለት ነገሩን ሰምቶ "የአባትህን ፊት ሌላ ፈረሰኛ ላይ ለጥፈው፣ ማን ያውቃል?" አለኝ። አፍሬም ቢሆን ያነሳኋቸውን ሁሉ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም ቆመዋል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሄጄ ገና ሳልቀመጥ ስለ ማተሚያው ማውራት ጀመርኩ። አባቴ እጄን ያዙኝ።

"አትጨነቅ ልጄ" አሉ። "ፎቶው ለአሁን አይደለም።"