የልብስ ሰፊዋ ልብ

ልቧ ምቱን መሳት ከጀመረ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ሰውነቷን እንደተሰነጠቀ ብርጭቆ ነበር የምትይዘው። ሐኪሙ ነግሯታል፤ "እንዲህ የሚመታ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ከባድ ነገር አያንሱ፤ መጸዳጃ ቤትም ቢሆን አያምጡ።"

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባሏ ይህን ሲሰማ፣ "አያምጡ ካለሽማ ከእንግዲህ ከገበያ የማመጣው እኔ ነኝ!" ብሎ ቀለደ። ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ራሱ አስፈራት። ከዚያ በኋላ የጨርቅ ጣቃ የሚያነሱላት ደንበኞቿ ሆኑ። ልቧ በዘለለ ቁጥር ጣቶቿ ይታዘዟት እንደሆነ ታጥፋቸዋለች፣ ትዘረጋቸዋለች።

አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት "ዷ!" የሚል ድምፅ ሰማች። ባሏ ተንሸራቶ በገንዳውና በግድግዳው መካከል ተቀርቅሯል። አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ፊቱ ጠቁሯል።

"ተይ... አንቺ አትንኪኝ... ሰው ጥሪ" አለ እያቃሰተ።

ሰው እስኪመጣ ትንፋሹ እንደማይቆይ ገባት። ብታነሳው ለራሷ፣ ብትተወው ለእሱ ፈራች። "እመቤቴ ድረሽ" ብላ በብብቱ ገባች፤ ትንፋሿን ውጣ፣ እንደ ወላድ አምጣ ጎተተችው። ተላቀቀ። ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየር ሳበ፤ እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለው።

"ውሃ ላምጣልህ" ልትለው አፏን ከፈተች። የወጣው "መቀስ" የሚል ቃል ነው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋደመ።

"ምን አልሽ? እስቲ እዪኝ!" አለ። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ያ ተራራ የሚያክል ሰው አለቀሰ። የወደቀውን ባልዲ አንስቶ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር፤ "ኧረ የሰው ያለህ! ሚስቴን!"

ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው በሩን ገንጥሎ ገባ። ተሸክሟት ሲወጣ ሁሉንም ትሰማለች፤ ቃል ግን አይወጣላትም። በሕይወት እያለች የተቀበረች መሰላት።

ቶሎ ስለደረሰች ሕክምናው ያዘላት። ቃሏ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እጇ ግን እስካሁን መርፌ አይጨብጥም።

"ማንሳቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ?" ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው።

"በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ልብዎ ቀድሞም ታሟል፤ ድንገተኛ ጉልበት ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል።"

ባሏ ዛሬ በክራንች ይሄዳል። መታጠቢያ ቤት በገባ ቁጥር ከበሩ ውጭ ትቆማለች።

"አለህ?"

"አለሁ።"

ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቀዋለች።