የእትዬ ባዶ ኩባያ

አክስቴ እትዬ የካዛንቺስ እድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። እድር ለቀብር ብቻ አይደለም ብለው፣ ሚስት እንዳትደበደብ አባሉን ሁሉ ያሰለጥኑ ነበር። "ጩኸት ስትሰሙ ሁለት ሆናችሁ፣ ባዶ ኩባያ ይዛችሁ አንኳኩ። ጨው አልቆብን ነው በሉ። እስኪበርድ አትውጡ።"

አንድ ቀን እኔ፣ ማለቴ ይሄ የሰፈሩ ቀልደኛ፣ ካውያ ባቃጠለው ሸሚዝ ሰበብ እየጮህኩ ሚስቴ ላይ እጄን አነሳሁ። እጄ ሳይወርድ በሩ ተንኳኳ። እትዬና አንድ ጎረቤት ገብተው ቁጭ አሉ። ጨው ስሰጣቸው "በርበሬም አልቋል" አሉ። በርበሬ ስሰጣቸው "ሽሮም"። በቃ፣ ጓዳዬን አራቆቱት።

"ነገ ስልጠና ትመጣለህ" አሉኝ ሲወጡ። "ሸሚዝህንም ራስህ ተኩሰህ።"

ሄድኩ፤ ሸሚዙን እኔም አቃጠልኩት። ያቺ እጅ ከዚያ ወዲህ ያነሳችው ኩባያ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን። እትዬ ባረፉ በሳምንቱ ከላይ ፎቅ ጩኸት ተሰማ። ከእንግዲህ ማን ይመራናል እያልኩ፣ ኩባያዬን ይዤ ቦርጬን እየጎተትኩ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ሲከፈት አራት የእድራችን ሰዎች ኩባያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ሚስትየው መሃላቸው ተቀምጣለች። ባልየው ጓዳ ገብቶ ጨው ይፈልጋል።

እትዬ፣ ለእኔ መቀመጫ እንኳን አልተረፈም።