ምን ይሸትሻል?

በሽግግሩ ዘመን መካኒሳ ያለ አንድ ወይን ፋብሪካ ቀማሽ ሊቀጥር ነው ሲባል ሄድኩ። ሥራ ከፈታሁ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ከጠላ ሌላ ግን ቀምሼ አላውቅም።

ፈረንሳዊው ባለሙያ ከአገሩ ከቦርዶ ያመጣውን ቀይ ወይን ቀዳልኝ። «ሳትቀምሺ በፊት አሽትቺው፤ ምን ይሸትሻል?» አለኝ አስተርጓሚው። ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ «አበባ» ብላ ወዲያው ተሸኝታለች።

ብርጭቆውን አንስቼ አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ለመናገር አፈርኩ።

«አሁን የተቀረጸ እርሳስ» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቁ አመለጠው። «እህቴ፣ እንዲህ ብዬ ልንገረው?»

«ንገረው፤ ሌላ ምንም አልሸተተኝም።»

አለቀልኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ፈረንሳዊው ግን እንደሰማ ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። የአስተርጓሚው ሳቅ ጠፋ።

«ጥሩ የቦርዶ ወይን የሚሸተው እንደዚያ ነው፣ ሰኞ ትግባ ነው የሚልሽ።»