አፈር የያዘው ሰው

ሰፈሩ ሁሉ «ፍልፈል» ነበር የሚለው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። «ከመሬት በላይ የኖረው ዕድሜ ከመሬት በታች ከኖረው አይበልጥም» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አይቀየም፤ «እኔስ በቁሜ እየተለማመድኩ ነው፤ ድንገት የሚመጣባችሁ እናንተው ናችሁ» ይላቸዋል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ቀልዱም ነጠፈ። ታማ ሳለች ተንበርክኮ ያልለመነበት ቀን አልነበረም። ከቀበራት በኋላ ስለ ጸሎት የሚያነሳለት ሰው ካለ፣ «እኔና እግዚአብሔር ተኳርፈናል» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንድ ልጁን የምታሳድግለት ታላቅ እህቱ በነገሩ ስትብሰለሰል ትቆይና፣ «ኩርፊያም እኮ ከሚያውቁት ጋር ነው» እያለች ራሷን ታጽናናለች።

የዚያን ቀን የሚያጠልቀው ጉድጓድ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነበር። ውሃው ሸሽቶባት ሥራ ፈትታለች። ገመዱን የሚይዝለት እንደ ሁልጊዜው የሟች ሚስቱ ወንድም ነው፤ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ዝምተኛ። ጠዋት ሲደርሱ ግን ቀድሞ የተናገረው እሱ ሆነ።

«የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ትናንት አልነበረም።»

«ፀሐይ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

«ዛሬ ይቅርብን፣ ወንድሜ። ደስ አላለኝም።»

«አንተን ደስ ያለህ ቀን መቼ ነበር?» አለና ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ።

ታች አየሩ ከብዷል። ዶማውን ባሳረፈ ቁጥር ከግድግዳው አፈር እንደ ዱቄት ይረግፋል። መቆፈሩን ሲያቆም ግን አፈሩ መርገፉን አላቆመም። ያ ነው ያስደነገጠው። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ሲንሸራተት ሰማ። ቀና ብሎ «ሳብ!» ከማለቱ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ።

አልሞተም። አፈሩ እስከ ደረቱ ዋጠው፤ አንድ እግሩ ድንጋይ ስር ቀረ። «አትሳበኝ፤ የቀረውም ይወርዳል» ሲል ድምፁ ራሱ ሌላ አፈር አወረደ። ከዚያ ወዲያ መጮህ ቀረ። ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ጠበቅ ይልበታል።

አጣቢዋ ሰው ልትጠራ ሮጠች። ዝምተኛው ከጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ያወራው ጀመር። «ሰው እየመጣ ነው። በጎን እንቆፍራለን። ልጅህ ደህና ናት።» ወሬ ሲያልቅበት ጸለየ፤ ተንተባተበ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ።

«ሂድ ከዚያ» አለው ፍልፈል በሹክሹክታ። «አፉ ይዞህ ይመጣል።»

«አልሄድም።»

ሚስቱ ስትሞት ፍልፈል «የሚሰማኝ የለም» ብሎ ደምድሞ ነበር። ይሄ ሰው ግን የገዛ እህቱን ቀብሮ፣ ያንኑ ሐዘን ተሸክሞ፣ ሊናድ ባለ አፈር ላይ ተኝቶ ይለምናል። ፍልፈል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በልቡ ተናገረ። «ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜዬም አልወጣልኝም። ግን እዚህ ከአንተ ሌላ የማዋራው የለኝም። ብቻዬን አትተወኝ።»

መልስ አልመጣም። አፈሩም መርገፉን አልተወም። ፍርሃቱ ግን ትንሽ ላላለት፤ ትንፋሹም ረጋ። እስከ ማምሻው ያቆየው ያ የረጋ ትንፋሽ ነው።

ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ግድግዳውን በሳንቃ እየደገፈ፣ በጎን ቆፍሮ አወጣው። ከግቢው ሳይርቁ ጉድጓዱ ከኋላቸው ተደረመሰ። ድምፁን ሁሉም ሰሙ፤ ዞሮ ያየ ግን የለም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ድንጋይ የተጫነውን እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

አሁን ቤቱ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወለሉ የሚከዳው ይመስለዋል፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ይጸልያል። አንድ ቀን እህቱ እንዲያ ሆኖ አገኘችው።

«አሁንም ትፈራለህ እንዴ?»

«እፈራለሁ» አላት። «እንደ ድሮው ብቻዬን ግን አይደለም።»

እሷም ነጠላዋን ሰብስባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቡ ተቀመጠች።